የቬሮናው ቁጥር በይፋት ቆላ፦ ስለ ሶሪያሲስና ስለ ጉበት ስብ የሚጻፈው ሲመዘን

ሶሪያሲስ በቆዳ ላይ ብቻ የሚወሰን ሕመም አለመሆኑ በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት ካገኘ ውሎ አድሯል። የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሽታውን የሚመለከት ልዩ ውሳኔ ሲያጸድቅ ከሶሪያሲስ ጋር ተያይዘው ከሚታዩት ሕመሞች መካከል የልብና የደም ሥር ሕመምን፣ የስኳር በሽታን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትንና የጉበት ሕመምን ጠቅሷል። ከነዚህ ውስጥ ዘግይቶ ትኩረት ያገኘው፣ ዛሬ ግን በብዛት የሚጻፍለት ጉበት ነው። በሶሪያሲስ ሕሙማን ጉበት ላይ የሚገኘውን የስብ ክምችት የሚያትቱ ጽሑፎች ተበራክተዋል፤ ግንኙነቱም እውነት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ አለ። አከራካሪው ግንኙነቱ ሳይሆን አነባበቡ ነው። በአውሮፓ ክሊኒኮች የተገኘው ቁጥር ሳይመረመር ወደ ሸዋ ሮቢት የምርመራ ክፍል ሲገባ፣ ሕመምተኛው ሊጠቀም ሲገባው ሊጎዳ የሚችልባቸው መንገዶች ጥቂት አይደሉም።

የማስረጃው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሎናርዶና ባልደረቦቹ በጣሊያን ሶሪያሲስና የጉበት ስብ ብግነት በአንድነት የታየባቸውን ሦስት ሕሙማን ዘገቡ። ሦስት ሰው ጥርጣሬ ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ጂሶንዲና ተባባሪዎቹ በቬሮና 130 የሶሪያሲስ ሕሙማንን በዕድሜ፣ በጾታና በክብደት መለኪያ ከሚመሳሰሏቸው 260 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። የጉበት ስብ ክምችት በሕሙማኑ ዘንድ ከመቶ 47፣ በጤነኞቹ ዘንድ ከመቶ 28 ሆኖ ተገኘ። ክብደት አስቀድሞ ስለተመሳሰለ ልዩነቱን በውፍረት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ የጥናቱ ጥንካሬም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የሮተርዳም ጥናትም በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ዝንባሌ አሳየ፤ ሶሪያሲስ ካለባቸው ከመቶ 46፣ ከሌለባቸው ከመቶ 33 ያህሉ የጉበት ስብ ነበራቸው። በ2015 የወጣ የጥናቶች ጥምር ትንተና ደግሞ ሶሪያሲስ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ስብ የመገኘቱ ዕድል በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ።

አሠራሩም ቢሆን ለመገመት አያስቸግርም። በሶሪያሲስ ቆዳ ላይ የሚቀጣጠለው ብግነት ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋን፣ ኢንተርሉኪን 6ንና ኢንተርሉኪን 17ን ወደ ደም ይረጫል፤ እነዚህም የኢንሱሊንን ሥራ ያሰናክላሉ። ኢንሱሊን ሲሰናከል ከስብ ሕዋሳት የሚለቀቀው ቅባት ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበቱ በበኩሉ ሲቆጣ ተመሳሳይ የብግነት መልእክተኞችን መልሶ ይልካልና ቆዳና ጉበት እርስ በርሳቸው የሚካሰሱ ይመስላሉ።

እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የለም። ነቀፋው የሚጀምረው በቬሮናው ጥናት የአሠራር ክፍል ከሰፈረ፣ ቁጥሩን የሚጠቅሱ ብዙዎች ግን ከሚያልፉት አንድ ነጥብ ነው። በዚያን ጊዜ «ከአልኮል ያልመጣ የጉበት ስብ» የሚባለው ስም የሚሰጠው ሌሎች የጉበት ጉዳት መንስኤዎች ከተጣሩና ከወጡ በኋላ ነበር። የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ መጠጥ፣ ጉበትን የሚጎዱ መድኃኒቶች አስቀድመው ተበጥረዋል፤ 47 ከመቶ የሚለው ቁጥር ከማጣሪያው በኋላ በወንፊቱ ላይ የቀረውን የሚቆጥር ነው። ቁጥሩን ወስዶ ማጣሪያውን መተው፣ ማለትም «የሶሪያሲስ ሕመምተኛ ነው፤ የጉበት ምርመራው ከፍ ብሏል፤ እንግዲያውስ ስብ ነው» ብሎ መደምደም፣ ጥናቱ የጀመረበትን ቅድመ ሁኔታ በድምዳሜ መተካት ይሆናል። በቬሮና ማጣሪያው ጥቂቶችን ያስቀር ይሆናል። በይፋት ቆላ ግን በማጣሪያው የሚወጣው፣ በማጣሪያው ከሚቀረው ሊበልጥ ይችላል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቀወት ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት፣ ትምባሆና ጫት ይበቅልባታል፤ ወባ ነባር ነዋሪዋ ነው። በዚህ አካባቢ የጉበት ምርመራው ከፍ ያለ ሰው ሲመጣ የሚጠረጠሩት ነገሮች ቅደም ተከተል ከጣሊያኑ የተለየ መሆን ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ሄፓታይተስ ቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናቶች ጥምር ትንተና የቫይረሱን ስርጭት ከመቶ 7.4 አድርሶታል። ክትባቱ በአምስት በአንድ ተቀናጅቶ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በመደበኛው መርሐ ግብር አልተከተበም። ሶሪያሲስ ደግሞ በአብዛኛው በሃያዎቹና ከአምሳ ዓመት በኋላ የሚጀምር ነውና ዛሬ በሶሪያሲስ የሚመጡት አዋቂዎች ከሞላ ጎደል ይኸው ያልተከተበው ትውልድ ናቸው። ቀጥሎ የመስኖ ቦይ አለ። ቢልሃርዚያን የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ በእንዲህ ዓይነት ዝግ ባለ ውኃ ይመቸዋል፤ የበሽታው እንቁላልም በጉበት በር ሥር ዙሪያ ጠባሳ ይጥላል። ይህ ጠባሳ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደማቅ መስመር ነው፤ ስብ ግን ጉበቱን በሙሉ ያደምቀዋል። ልዩነቱ ለልምድ ላለው ዓይን ግልጽ ነው፤ «ደማቅ ጉበት» በሚል አንድ ሐረግ ተጠቃሎ ሪፖርት ሲደረግ ግን ይጠፋል።

ጫት ሦስተኛው ነው፤ ለዚህም ማስረጃው የተገኘው በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦርሊየንና ባልደረቦቹ ከሐረር ሆስፒታሎች ባወጡት ጥናት ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸው 150 ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር ተነጻጽረው፣ ጫት መቃም ከጉበት ሕመም ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚቃመው በጨመረ መጠን በወንዶች ዘንድ ግንኙነቱ ይበረታ ነበር። በዚያው ስፍራ ከተመረመሩት ሕሙማን ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት የተለመዱት ምርመራዎች መንስኤ ሊያገኙላቸው አልቻሉም ነበር። ሐረር ይፋት አይደለችም። ነገር ግን ጫት በሚመረትበትና በሚቃምበት በሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር የተቀመጠ ባለሙያ የሶሪያሲስ ሕመምተኛውን ስለ ጫት ሳይጠይቅ ስለ ጉበቱ ስብ ሊያወራ አይገባውም። ስለ አረቄና ጠላም እንዲሁ፤ ይፋት ክርስቲያንም ሙስሊምም በአንድነት የሚኖርበት አገር ስለሆነ ግን አጠያየቁ ጨዋነት ይፈልጋል። መልሱን ከሃይማኖቱ በመገመት ጥያቄውን መዝለል ከሁሉም የከፋ ነው።

የባህል መድኃኒትም በዚሁ ይካተታል። በአገሬው አነጋገር «የወፍ በሽታ» ለሚባለው የዓይን ቢጫ መሆን የሚጠጣው ቅጠልና ሥር ብዙ ነው፤ እንዶድም ከነዚሁ አንዱ ነው። ጉበት ከጓሮና ከጎተራ በሚመጣ ነገር እንደሚመረዝ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታይቷል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጻዕዳ እምባና በአካባቢው ሰዎችን የጨረሰው የጉበት ሕመም ለዓመታት ከተመረመረ በኋላ ከእህሉ ጋር በተቀላቀለ የአረም መርዝ ላይ አርፏል። ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ ይህ መልስ አይገኝም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጉበት ሕክምና ማኅበራት ተስማምተው የበሽታውን ስም ለውጠዋል። አዲሱ ስያሜ በማስቀረት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የጉበት ስብ ከተገኘና ከውፍረት፣ ከደም ስኳር፣ ከደም ግፊት ወይም ከደም ቅባት ችግሮች ቢያንስ አንዱ ካለ በሽታው ከሜታቦሊዝም የመጣ ይባላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ከጎኑ ቢኖርም ስሙ አይሻርም። ይህ ለውጥ ትክክለኛ ነው፤ ሁለት በሽታዎች በአንድ ጉበት ውስጥ ሊኖሩ መቻላቸውን ያምናልና። ነገር ግን የስሙ መለወጥ ምርመራውን አላስቀረም። አብሮ መኖርን መቀበል፣ አብሮ የሚኖረውን መፈለግን ያስገድዳል። በይፋት ደግሞ ሌላው ወገን አለ፤ ወገቡ የጠበበ፣ ስኳሩም ግፊቱም ደህና የሆነ ገበሬ ሶሪያሲስ ስላለበት ብቻ የስብ ጉበት ስም አይሰጠውም፤ በአዲሱ መስፈርትም ቢሆን።

ስለ መጠኑ ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ ከአዋቂዎች መካከል ክብደታቸው ከልክ በላይ የሆነው ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነበሩ። በቴክሳስ በዳላስ ከተማ በ2004 የታተመው ጥናትም የጉበት ስብ በዘር ግንድ እንደሚለያይ፣ አፍሪካውያን አሜሪካውያን ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። አንዱም ስለ ይፋት በቀጥታ አይናገርም። ሁለቱም ግን የቬሮናው 47 ከመቶ እንደ ሸቀጥ ተጭኖ የሚመጣ አለመሆኑን ያመለክታሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት የበለጠ የተስፋፋ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ይኸውም ጉበትን ጨርሶ አለማስታወስ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ አይሆንም፤ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መልክ ይይዛል፤ ቅርፊቱ ብቻ ነው የሚነጣው። ስለዚህም ጭርት ወይም ችፌ ተብሎ ለዓመታት በቅባት ሲታከም ይቆያል፤ አንዳንዱም ሥጋ ደዌ ነው በሚል ፍርሃት ከሰው ይሸሻል። ለጊዜው ቆዳውን የሚያጠራ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሲሰጠው ደግሞ መድኃኒቱ በተቋረጠ ማግሥት በሽታው በመግል ወይም መላ ሰውነትን በሚያቀላ መልክ ሊያገረሽ ይችላል፤ ስኳሩ ይጨምራል፣ ጉበቱ ስብ ያከማቻል፣ ተኝቶ የነበረ ሄፓታይተስ ቢም ሊነሳ ይችላል። ሐኪሙ የሚፈራውን ግንኙነት ሐኪሙ ራሱ ይፈጥረዋል ማለት ነው።

በቆላ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ሊያባብስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ይህ ማለት ሶሪያሲስ ላለበት ሰው ወባው ሳይታከም ይቅር ማለት አይደለም፤ ያልታከመ ወባ ከቅርፊት ይከፋል። ግን ከወባ ሕክምና በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቆዳው ለተቆጣ ሰው ምክንያቱ ይነገረው፤ «በሽታው ወደ ውስጥ ገባ» ብሎ ወደ ስቴሮይድ መርፌ እንዳይሄድ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ሜቶትሬክሴት ነው። በርካሽ የሚገኝ፣ ለከባድ ሶሪያሲስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገለ መድኃኒት ነው፤ በአውሮፓ ለሚታዘዙት ውድ ባዮሎጂያዊ መድኃኒቶች አቅም በሌለበት አገር ምትክ የለውም። ጉበትን መጉዳቱ ግን ከሕመምተኛው ይለያያል። ቀደም ሲል 1.5 ግራም ድምር መጠን ሲሞላ፣ በሳምንት 15 ሚሊግራም ለሚወስድ ሰው ማለትም በሁለት ዓመት ገደማ፣ የጉበት ናሙና ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ሶሪያሲስ ፋውንዴሽን የባለሙያዎች ስምምነት ይህን አላላ፤ ተጨማሪ ምክንያት ለሌለው ሰው ገደቡን ወደ 3.5 እና 4 ግራም ከፍ አደረገው፤ ውፍረት፣ ስኳር፣ መጠጥ ወይም ሄፓታይተስ ላለበት ግን ዝቅተኛውን ገደብ ጠበቀ። ይህ ልዩነት ለይፋት ትልቅ ትርጉም አለው። የጉበት ናሙና በማይወሰድበት ስፍራ የልዩነቱ ሸክም በሙሉ የሚያርፈው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በሚቀርቡ ጥያቄዎችና በአንድ የሄፓታይተስ ቢ ፈጣን ምርመራ ላይ ነው። የምርመራው ወረቀት ሳይታይ ሜቶትሬክሴት መጀመር የለበትም፤ ቫይረሱ ከተገኘም ሜቶትሬክሴት ቀርቶ ሕመምተኛው ለቴኖፎቪር የሚበቃ መሆኑ ይመርመር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም፣ ውስን በሆነ ላቦራቶሪም ሕክምናውን ማካሄድ እንደሚቻል አሳይቷል።

ሌላው አደጋ ከጉበት ይልቅ ከመቅኔ ጋር የተያያዘ ቢሆንም በአንድ ስፍራ መነሳት ይገባዋል። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ነው፤ ክኒኑን እንደ ሌላው መድኃኒት በየቀኑ የወሰደ ሰው መቅኔው ሊደርቅ ይችላል። ቀኑ በስም ይጻፍለት፤ ማንበብ ለማይችልም ከገበያ ቀኑ ጋር ቢያያዝ ይሻላል። ኮትራይሞክሳዞል፣ ብዙዎች ባክትሪም የሚሉት፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ይህንኑ አደጋ ያባብሳል፤ በተቅማጥና በሽንት ሕመም ስም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ በመሆኑም ሕመምተኛው ስሙን ሊያውቀው ይገባል። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጥ። ልትወልድ የምትችል ሴት ስለ ፅንስ አደጋው ሳይነገራት መድኃኒቱን አትጀምር።

ስለ ክትትል መሣሪያዎች ሲነሳ ፊብ-4 የተባለው ስሌት በብዙ ጽሑፎች ይመከራል፤ ለገጠር ሆስፒታልም የተመቸ ይመስላል፤ ዕድሜን፣ ሁለቱን የጉበት ኢንዛይሞችና የፕላትሌት ቁጥርን ብቻ ይጠይቃልና። ዕድሜ በኤ.ኤስ.ቲ. ተባዝቶ፣ ፕላትሌት በኤ.ኤል.ቲ. ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ያሳስባል። አንድ የ45 ዓመት ሰው ኤ.ኤስ.ቲ. 40፣ ኤ.ኤል.ቲ. 36፣ ፕላትሌት 250 ሺህ ቢኖረው ውጤቱ 1.2 ይሆናል፤ በሰላም ይሸኛል። ይኸው ሰው በወባ ወራት ቢመጣና ፕላትሌቱ 90 ሺህ ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ ውጤቱ 3.3 ይደርሳል። ጉበቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ቢልሃርዚያም ጣፊያን አሳብጦ ፕላትሌትን ሲያሳንስ ተመሳሳይ ማሳሳቻ ይፈጥራል። ስሌቱን ያወጡት ሰዎች ይህን አልደበቁም፤ ስሌቱን ወደ ቆላ የሚያስተላልፉት ጽሑፎች ግን ከስንት አንዴ ብቻ ነው የሚያነሱት። በሸዋ ሮቢት ፊብ-4 የሚሰላው ትኩሳት በሌለበት ቀን፣ የወባ ምርመራ ነጻ ሆኖ፣ ጣፊያ በእጅ ተዳስሶ መሆን አለበት።

ምክሩም ቢሆን ከአገሩ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለወፈረ ሰው ከክብደቱ ከመቶ 7 እስከ 10 መቀነስ ለጉበቱም ለቆዳውም እንደሚበጅ የታወቀ ነው። የምርት ወቅት ሳይደርስ ጎተራው ለሚራቆት ቀጭን ገበሬ ግን «ክብደት ቀንስ» ማለት ፌዝ ይሆናል። ለእርሱ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ከጫቱ መቀነስ፣ ያልታወቀ ሥር አለመጠጣት፣ መጠጥ መተው፤ ለቆዳው ደግሞ የቆላው ፀሐይ ራሱ መድኃኒት መሆኑን መስማት። ጠዋት ጠዋት በመጠን የሚወሰድ ፀሐይ፣ ከቫዝሊንና ከሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት ጋር፣ ለብዙ ቀላል ሶሪያሲስ በቂ ነው፤ ጉበቱ አጠራጣሪ ለሆነ ሰውም ከሜቶትሬክሴት በፊት ሊሞከር የሚገባው ይኸው ነው። ሕመምተኞቹ ግን ሰው እንዳያያቸው ክርናቸውንና ጉልበታቸውን ሸፍነው ይሄዳሉ፤ የሚፈውሳቸውን ፀሐይ በዚያ ሁሉ ሙቀት መካከል ያጡታል።

ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በ1965 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ ሕክምና ማዕከል ወደሆነው የአዲስ አበባው አለርት የሚላክ ሕመምተኛ በወረቀቱ ላይ «ሶሪያሲስ፤ ጉበት ከፍ ያለ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይዞ ከሄደ፣ ላይ ያለው ሐኪም ከባዶ ይጀምራል፤ ሕመምተኛውም የመንገዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በወረቀቱ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፦ የሄፓታይተስ ቢና የኤች.አይ.ቪ. ውጤት፣ የጫትና የመጠጥ ልማድ በመጠን፣ በመስኖ ውኃ ውስጥ መሥራትና አለመሥራት፣ ከወባ በኋላ የተወሰደ መድኃኒት በስም፣ የወገብ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር፣ የጣፊያ መጠን፣ ከዚህ ቀደም ስቴሮይድ ተወስዶ እንደሆነ። አብዛኛው ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ሜትርና እጅ፣ ለጥያቄውም የሚበቃ ጊዜ ይበቃዋል።